ወንዱ ፑማ መጥቷል፤ ሴቷስ?

ጁን 11 ቀን 2011፣ ሌሊት። ኮኔቲከት ስቴት፣ ሚልፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ዊልበር ክሮስ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ አንድ መኪና ይከንፋል። ድንገት ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጭራው ረጅም የሆነ አውሬ ከጫካው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ገባ። መኪናው ገጨው። ሹፌሩ አልተጎዳም። አውሬው ግን ሞተ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲመዘን 63 ኪሎ ገደማ ሆነ። ወንድ ፑማ ነው። አሜሪካኖች የተራራ አንበሳ የሚሉት ማለት ነው።

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሚልፎርድ ከኒውዮርክ ከተማ በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ናት። በዚያ አካባቢ የዱር ፑማ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲያውም ልክ ከሦስት ወር በፊት የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የምሥራቁ ፑማ ፈጽሞ መጥፋቱን በይፋ አሳውቆ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የተገመተው ከሰው ግቢ ያመለጠ ነው ተብሎ ነው። ግን ጥፍሩ አልተነቀለም። አልተኮላሸም። ከቆዳው ሥር ደግሞ የጃርት እሾህ ተሰክቶ ተገኘ። ተቀልቦ ያደገ እንስሳ ከጃርት ጋር አይታገልም።

ናሙናው ሞንታና፣ ሚዙላ ከተማ ወዳለ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ተባለ። የዲኤንኤው ዓይነት ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ብላክ ሂልስ በሚባሉት ተራሮች ከሚኖሩት ፑማዎች ጋር ገጠመ። በዚያ ላይ ሚኔሶታና ዊስኮንሰን ውስጥ ቀደም ብሎ ከተለቀመ ፀጉርና ዓይነ ምድር ጋር ሲያመሳክሩት ያው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ዲሴምበር 2009 ላይ ቻምፕሊን በምትባለው የሚኒያፖሊስ ዳርቻ ከተማ የፖሊስ መኪና ካሜራ ቀርጾታል። ሚኔሶታ ያላችሁ ወገኖች ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ዊስኮንሰንን አቋረጠ። ታላላቆቹን ሐይቆች አለፈ። ዲሴምበር 2010 ላይ ኒውዮርክ ስቴት፣ ሌክ ጆርጅ አካባቢ ፀጉሩን ጥሎ ሄደ። ከስድስት ወር በኋላ ሚልፎርድ ላይ ሞተ። ከብላክ ሂልስ እስከዚያ በቀጥታ መስመር ከ2,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ መቀሌ ያለውን የመኪና መንገድ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። እሱ ደግሞ በቀጥታ መስመር አልሄደም።

ምን ፍለጋ ነው ይህን ሁሉ የተጓዘው? መልሱ ቀላል ነው። ቀዬና ሚስት ፍለጋ ነው። ቀዬ ሞልቶ ነበር። ሚስት ግን በመንገዱ ሁሉ አላገኘም።

ስለ ፑማ መመለስ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጫካው ይበቃል ወይ፣ ምግብ አለ ወይ፣ ሰው ይበላል ወይ የሚለውን ነው። እነዚህን ሁሉ ከታች አነሳቸዋለሁ። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ የሴቷ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ውስጥ ወንድ ፑማ በየጊዜው ብቅ ይላል። ሴቷ ካልመጣች ግን ተመለሰ ማለት አይቻልም። ስደትን የምናውቅ ሰዎች ይሄ አይጠፋንም። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ ብቻውን ሻንጣ ይዞ ይሄዳል። ወንደላጤ ሆኖ ይከርማል። ሰፈር የሚሆነው፣ ዕድር የሚቋቋመው፣ የልጅ ድምፅ የሚሰማው ቤተሰብ ሲመጣ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ከእንስሳው ጋር እንተዋወቅ። ስሙ ብዙ ነው። ፑማ፣ ኩጋር፣ ፓንተር፣ ካታማውንት፣ የተራራ አንበሳ ይሉታል። ሁሉም አንድ ነው። እኔ ፑማ የምለው አንበሳ የሚለው ቃል ለእኛ ሌላ ስለሆነ ነው። ፑማ ጎፈር የለውም። አያገሳም። ሲመቸው እንደ ቤት ድመት ኩርር ይላል። በዝምድናም ከአንበሳ ይልቅ ለአቦሸማኔና ለቤት ድመት ይቀርባል። ከካናዳው ዩኮን እስከ ቺሊ ደቡባዊ ጫፍ ይኖራል። በሁለቱ የአሜሪካ አህጉራት ውስጥ እንደሱ ሰፊ ቦታ የያዘ የየብስ የዱር አጥቢ የለም።

አመሉ የነብር ነው። ብቻውን ይኖራል። አድፍጦ ያድናል። እኛ ሰው ስናስጠነቅቅ "ነብር አየኝ በል" እንላለን አይደል? ፑማም እንደዚያ ነው። ሳታየው ያይሃል፣ ሳትሰማው ያልፋል። በሳምንት አንድ አጋዘን ገደማ ይገድላል። በልቶ ሲጠግብ የተረፈውን ቅጠልና አፈር አልብሶ ይደብቀዋል። በማግስቱ ተመልሶ ይበላል። ጫካ ውስጥ ስትሄዱ በቅጠል የተሸፈነ የአጋዘን ሬሳ ካያችሁ እዚያ ቦታ አትቁሙ። ባለቤቱ ቅርብ ነው።

እንዴት ጠፋ?

ሰው ነው ያጠፋው። ነገሩን ለማየት ቨርሞንት ትበቃናለች።

በ1800ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ቨርሞንት የበግ ሀገር ሆና ነበር። ሜሪኖ የሚባለው ሱፉ ያማረ በግ ጥሩ ገንዘብ ያመጣ ነበር። ገበሬው ኮረብታውን መነጠረ። ዛፉ ለማገዶና ለግንባታ ሄደ፣ መሬቱ ግጦሽ ሆነ። አጋዘኑ ታድኖ አለቀ። ፑማው የሚበላው ሲያጣ በግ ላይ ወረደ። መንግሥት ደግሞ ገድሎ ላመጣ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። እኛም ሀገር አንበሳና ነብር የገደለ ይፎክር፣ ይሸለም ነበር። በዚያ ዘመን ሰው አውሬ ሲገድል ሀገር አቀና ነው የሚባለው።

የቨርሞንት የመጨረሻው ፑማ በ1881፣ በታንክስጊቪንግ ዕለት፣ ባርናርድ በምትባል መንደር አጠገብ ተገደለ። ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ቆዳው ተሞልቶ ዛሬም ሞንትፒሊየር ከተማ፣ የቨርሞንት ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይታያል። ሜይን ውስጥ የመጨረሻው በ1938 ተገደለ። ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻ ቀረ። የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች ዛሬም ካታማውንት ይባላሉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ፔን ስቴት የኒታኒ አንበሶች ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው በዚያው ተራራ ይኖር ከነበረው ፑማ ነው። ልጆች ማልያውን ይለብሳሉ፣ ሥዕሉን ፊታቸው ላይ ይቀባሉ። እንስሳውን ግን ያየ የለም።

ከመላው ምሥራቅ ተርፎ የቀረው ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ የተደበቀው ብቻ ነው። እሱም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ እመለስበታለሁ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2018 የምሥራቁን ፑማ ከመጥፋት ስጋት ዝርዝር ውስጥ ሰረዘው። ስላገገመ አይደለም። የሌለ ነገር አይጠበቅም ተብሎ ነው።

ጫካው ተመልሷል

ፑማው ከጠፋ በኋላ የሆነው ነገር ግን ደስ ይላል። ገበሬው የቨርሞንትን ድንጋያማ ኮረብታ ትቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሜዳው ሄደ። ግጦሹን ዛፍ መልሶ ያዘው። አብዛኛውን ማንም አልተከለውም፤ ራሱ በቀለ። ተመንጥሮ የነበረው ስቴት ዛሬ ሦስት አራተኛው ገደማ ደን ነው። ሜይን ደግሞ ወደ 90 በመቶ ትጠጋለች። ኒውዮርክ ውስጥ ያለው አዲሮንዳክ ፓርክ ብቻውን 24,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። ውስጡ ከተማም የግል መሬትም አለ፤ ቢሆንም የጫካው ስፋት ጉድ ነው።

አጋዘኑም ተመለሰ። በ1878 ቨርሞንት ውስጥ አጋዘን ከመጥፋቱ የተነሳ 17 አጋዘን ከኒውዮርክ ተጭነው መጥተው ተለቀቁ። ዛሬ ከ100,000 በላይ አጋዘን አለ። ድቡ፣ ቢቨሩ፣ የዱር ቱርኩ፣ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን፣ ሁሉም ተመልሰዋል። አንዳንዱ በእግሩ፣ አንዳንዱ በመኪና ተጭኖ። በ2023 የታተመ ጥናት ከመካከለኛው ምዕራብ እስከ ምሥራቅ ድረስ ፑማን ሊያኖሩ የሚችሉ 17 ሰፋፊ ቦታዎችን ለይቷል። ስለዚህ ቤቱ አለ። ምግቡም አለ።

ታዲያ ፑማው የለም ስንል ብዙ ሰው ይቆጣል። "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!" ይላል። በየዓመቱ ፑማ አየሁ ብሎ የሚደውለው ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ውሸታም አይደሉም። ዓይን ግን ሲመሽ ያታልላል። ቦብካት የሚባለው ጭራው አጭር የዱር ድመት አለ። ኮዮቴ አለ። ቢጫ ትልቅ ውሻ አለ። ርቀቱ ካልታወቀ የጎረቤት ድመትም ትልቅ መስላ ትታያለች። ብዙዎች ጥቁር ፑማ አየሁ ይላሉ፤ ጥቁር ፑማ ግን እስከ ዛሬ አንድም ተረጋግጦ አያውቅም።

ለእኔ ዋናው ማስረጃ መንገዱ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ያሉት ጎልማሳ ፑማዎች ሁለት መቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ከነሱ ውስጥ በየዓመቱ በመኪና የሚገጨው ብዙ ነው፤ ዋናው ገዳያቸው መኪና ነው። ፑማ ባለበት ቦታ ሬሳ ይገኛል፣ ዱካ ይገኛል፣ አዳኞች ዛፍ ላይ ያሰሩት ካሜራ ፎቶ ያነሳል። በቨርሞንት ጫካ ተደብቆ የሚራባ ፑማ ቢኖር ኖሮ አስፋልቱ ገና ድሮ ይነግረን ነበር። በኮኔቲከት አስፋልት የሞተው ያ አንዱ ግን ማንነቱ እስከ ትውልድ ቀዬው ድረስ ታወቀ። እውነተኛ ፑማ ሲመጣ እንደዚህ ነው።

ሴቷ ለምን አትመጣም?

ወንድ ፑማ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ይለያል። የአካባቢው ጎልማሳ ወንድ አያስቀምጠውም። ወይ ይሸሻል ወይ ይገደላል። ስለዚህ ይሄዳል። ሴቷ ግን እናቷ አጠገብ ቀዬ ብታገኝ እዚያው ትቀመጣለች። እናትና ልጅ ጎረቤት ይሆናሉ። ብላክ ሂልስ ውስጥ አንገታቸው ላይ ማሠሪያ ታስሮላቸው የተከታተሏቸው ወጣት ፑማዎች ነበሩ። ወንዶቹ በአማካይ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ፣ ሴቶቹ 48 ብቻ ነው የሄዱት። ከዚያው ተራራ የወጣ አንድ ወንድ በ2004 ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሄዶ ኦክላሆማ ውስጥ ባቡር ገጨው። ወንዱ እንዲህ ነው። ሕይወቱን አስይዞ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ብቻውን ይሞታል።

ይህን ፍሎሪዳ በደንብ ታሳያለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፍሎሪዳ ፑማ ሊያልቅ ከ20 እስከ 30 ነበር የቀረው። እርስ በርስ እየተዋለዱ ጭራቸው ይቆለመም ነበር፤ ልባቸው እንከን ነበረበት፤ ወንዶቹ በደንብ መውለድ አቅቷቸው ነበር። በ1995 ከቴክሳስ ስምንት ሴት ፑማዎች መጥተው ተለቀቁ። ስምንት ብቻ። ከነሱ በተወለዱት ደቦሎች ዘሩ ታደሰ፣ ቁጥሩም በብዙ እጥፍ አደገ። ያዳኑት ሴቶቹ ናቸው።

ግን እነዚያ ሁሉ ፑማዎች ከካሉሳሃቺ ወንዝ በስተደቡብ ነበር የሚራቡት። ወንዶቹ ወንዙን እየዋኙ ወደ ሰሜን ይሻገሩ ነበር። አንዳንዱ ሩቅ ሄዷል። ሴት ግን ከ1973 ወዲህ ከወንዙ በስተሰሜን አልታየችም። በ2016 አንዲት ሴት በካሜራ ተገኘች። በማግስቱ ዓመት ደቦል ይዛ ታየች። አንድ ወንዝ ለመሻገር ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ከደቡብ ዳኮታ እስከ ቨርሞንት ደግሞ ስንት ወንዝ፣ ስንት ሀይዌይ፣ ስንት የበቆሎ ማሳ አለ?

ሌላው ምስክር ሎስ አንጀለስ ነው። ፒ-22 የሚባለው ፑማ የብዙ ሰው ወዳጅ ነበር። ሁለት ታላላቅ ሀይዌዮችን ተሻግሮ በ2012 ግሪፊዝ ፓርክ ውስጥ ተገኘ። ፌርፋክስ ላይ ካለው የእኛ ሊትል ኢትዮጵያ ቅርብ ነው፤ ከዚያ ክትፎ በልቶ የወጣ ሰው ከተማው ሳያልቅበት ፓርኩ ጋ ይደርሳል። ፒ-22 እዚያ አሥር ዓመት ገደማ ኖረ። አጋዘን ነበረው፣ ውሃ ነበረው፣ የሚያባርረው ባላንጣ አልነበረውም። ሴት ግን አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ አልመጣችም። ዲሴምበር 2022 ላይ ታሞና ተጎድቶ ተያዘ፤ የሚድን ስላልነበር በሕክምና እንዲያርፍ ተደረገ። ልጅ ሳይተካ ሄደ። የእሱ ታሪክ ነው ሰውን ያነቃነቀው። በ101 ሀይዌይ ላይ፣ አጉራ ሂልስ አካባቢ፣ አፈርና ተክል የለበሰ ለእንስሳት ብቻ የሚሆን ትልቅ ድልድይ በ2022 መሠራት ተጀመረ።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በ2015 ቴነሲ ውስጥ፣ በ2016 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ የተገኘ ፀጉር ሲመረመር የሴት ሆነ። ሁለቱም ዘራቸው ከብላክ ሂልስ ነው። ሴቷም አልፎ አልፎ ሩቅ ትሄዳለች ማለት ነው። ከሁሉ የበለጠው ዜና የመጣው ግን ማርች 2025 ላይ ነው። ሚሺጋን ውስጥ፣ የላይኛው ባሕረ ገብ መሬት በሚባለው፣ ኦንቶናጎን አውራጃ፣ በአንድ ሰው የግል መሬት ላይ ሁለት የፑማ ደቦሎች ፎቶ ተነሱ። ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ተገመተ። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ከ2008 ወዲህ ከመቶ በላይ የፑማ መታየትን አረጋግጦ ነበር። ደቦል ግን በሚሺጋን ከመቶ ዓመት በላይ አልታየም። ይህን ዜና ሳነብ ያ የሚልፎርዱ ወንድ ትዝ አለኝ። በዚያው ሰፈር አካባቢ ሳያልፍ አልቀረም። ሴት በወቅቱ ብታገኝ ኖሮ ኮኔቲከት ድረስ ምን ያስኬደው ነበር?

ቢመጣስ ለሰው ምን ይሆናል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ አጋዘንን ታውቋታላችሁ። በጓሮ የሀበሻ ጎመን ተክሎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ አርሞ፣ ለበዓል አደርሳለሁ ያለ ሰው ጠዋት ሲወጣ ቆመው የሚያገኘው አገዳዎቹን ብቻ ነው። ቅጠሉ በጥንቃቄ ተቀንጥሷል። ሰላጣውም የለም። ጽጌረዳውም የለም። የአጋዘን ኮቴ እርጥቡ አፈር ላይ ታትሟል። ይህ በጓሮ ነው። ጫካ ውስጥ ደግሞ የሚበቅለውን ችግኝ ሁሉ እየበላች ዛፉ እንዳይተካ ታደርጋለች። የላይም በሽታን የምታስተላልፈው መዥገርም ስትጎለምስ በብዛት የምትመገበው የአጋዘን ደም ነው።

ዋናው ጉዳት ግን መንገድ ላይ ነው። በአሜሪካ ከአጋዘን ጋር በሚደርስ ግጭት በየዓመቱ 200 ገደማ ሰው ይሞታል። ኡበር የሚነዳ፣ ሌሊት ከባድ መኪና የሚያሽከረክር ወገን ብዙ አለን፤ የፊት መብራቱ ላይ ድንገት የሚያበሩ ሁለት ዓይኖችን ያውቃል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ፑማ ወደ 19 የምሥራቅ ስቴቶች ቢመለስ በ30 ዓመት ውስጥ የ155 ሰው ሕይወት ያድናል፣ 21,400 ሰው ከመቁሰል ያተርፋል ብሎ አስልቷል። አጋዘን ስለሚቀንስ ማለት ነው። ይህ ስሌት ነው፤ ፑማው በደንብ ሰፍሮ ተባዝቶ ቢሆን በሚል ነው የተሠራው። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል።

ሰው ይገድላል ወይ? ይገድላል፤ ግን እጅግ አልፎ አልፎ። በአሜሪካና በካናዳ ከመቶ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የገደለው ሰው 30 ገደማ ነው። ማርች 2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ተገድሏል። በዚያ ስቴት በ20 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ለቤተሰቡ ቁጥር አያጽናናም፤ ስለዚህ ነገሩን አቅልዬ አላወራም። ዴንቨርና ሲያትል አካባቢ ላላችሁ ይህ የወደፊት ጉዳይ አይደለም። ፑማው አሁንም ተራራው ላይ አለ። ስትወጡ ልጆችን አታስቀድሙ፣ አጠገባችሁ አድርጉ። ካያችሁት በፍጹም አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር ለድመት ሁሉ አደን ነው። ጀርባ ሳትሰጡ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ሂዱ። ከመጣ ታገሉት። በጉልበት የሚመክት ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከሰው ይልቅ በእርግጥ የሚጎዳው በግና ፍየል ያለው ሰው ነው። ይሄ መታለፍ የለበትም። ከተማ ተቀምጦ ፑማ ይመለስ ማለት ቀላል ነው። አሥር ፍየል ያላት ገበሬ ጠዋት ጋጣዋ ውስጥ ሦስት ሬሳ ስታገኝ ግን ዕዳው የሷ ነው። ካሳ የሚከፍል ሕግ፣ ሌሊት የሚዘጋ ጋጣ ለመሥራት የሚረዳ ገንዘብ፣ ስትደውል ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ ከፑማው በፊት መድረስ አለባቸው። ከአውሬ ጋር መኖር የሚቻል ነገር ነው። ሐረር ጁገል ግንብ ላይ ጅብ ሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ገብቶ ቆሻሻውን ለቅሞ ይወጣል። ሕዝቡ ጅቡን ያውቀዋል፣ ጅቡም ሕዝቡን። ይህ ግን በአንድ ትውልድ የመጣ አይደለም። የቨርሞንት ገበሬ ከፑማ ጋር የኖረው ቅድመ አያቱ ነው፤ እሱ እንደ አዲስ ነው የሚማረው።

ይጠበቅ ወይስ ይምጣ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መጠበቅ ነው። ሴቶቹ ከብላክ ሂልስ፣ ከሰሜን ዳኮታና ከነብራስካ ተነስተው ቀስ እያሉ ይምጡ ማለት ነው። ይህ እንዲሆን ግን ምንጩ መፍሰስ አለበት። ደቡብ ዳኮታ ከ2005 ጀምሮ ፑማ ታሳድናለች፤ ሴቶቹም ይታደናሉ። ነብራስካም በ2014 አደን ፈቅዳለች። የእነዚያ ስቴቶች ሰዎች የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከብት አላቸው፣ የአደን ባህልም አላቸው። ነገር ግን እዚያ የምትገደል አንዲት ወጣት ሴት ዊስኮንሰን ወይም ሚሺጋን ልትደርስ የምትችል ነበረች። የአንዱ ስቴት የአደን ኮታ የሌላውን ስቴት ጫካ ይወስናል።

ሁለተኛው መንገድ ሰው ሴቶቹን ይዞ መጥቶ እንዲለቅ ነው። ፍሎሪዳ ላይ ሠርቷል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ሲታሰብ እኛው ያጠፋነው ነገር ነው፤ አጋዘኑንና ቱርኩንም በመኪና ጭነን መልሰናል። ሆኖም የኮሎራዶን ተኩላ ማየት ያስፈልጋል። በ2020 ሕዝቡ ተኩላ ይመለስ ብሎ በጠባብ ልዩነት ድምፅ ሰጠ። ዲሴምበር 2023 ላይ አሥር ተኩላዎች ከኦሪገን መጥተው ተለቀቁ። ድምፁ በብዛት የመጣው ከከተሞቹ ነው። ተኩላዎቹ የተለቀቁት ግን ከብት አርቢዎቹ ሰፈር ነው። ጥሉ እስከ ዛሬ አልበረደም። ፑማም በዚህ መንገድ ከመጣ በየጋጣው በር ጠመንጃ ይጠብቀዋል። ቨርሞንትም ሆነች ኒውዮርክ መጀመሪያ ከገበሬውና ከአዳኙ ጋር ተቀምጠው መነጋገር አለባቸው። ይህ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ መጀመር አለበት።

መጠበቅ ምን ያህል እንደሚፈጅ ግን እንቁጠር። ከኦንቶናጎን እስከ አዲሮንዳክ ጫካ በቀጥታ መስመር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለቱ ደቦሎች አንዷ እንስት ከሆነች፣ አድጋ 48 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ልጇ ሌላ 48። የልጅ ልጇም 48። እንዲህ ሲባል 25 ትውልድ ነው። እንስት ፑማ መውለድ የምትጀምረው በሁለትና በሦስት ዓመቷ መካከል ነው። ስለዚህ ሃምሳ፣ ስልሳ ዓመት ይሆናል። ያውም ሁሉም ወደ ምሥራቅ ከሄዱ፣ አንዷም ካልተገጨች፣ አንዷም ካልተተኮሰባት። ዛሬ በርሊንግተን፣ ቨርሞንት የተወለደ ሕፃን የካታማውንቱን ማልያ ለብሶ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የመጀመሪያዋ እንስት ደጁ ስትደርስ አያት ሆኖ ይሆናል።